ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም፦ አንድ የባሕር ዳር ቁጠባና ብድር ማኅበር ከክሊፐር ወደ ዊንዶውስ የተሻገረበት ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሃያ ዓመት በላይ የሠራበትን የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ፕሮግራም ትቶ ወደ ዊንዶውስ እንዴት እንደተሻገረ ይተርካል። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም። አባላቱ መምህራን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከዘጌ ቡና እያመጡ የሚሸጡ፣ ከጣና ዓሣ አስጋሪዎች ተረክበው ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ናቸው። እኔ የተጠራሁት ፕሮግራሙን እንድተካ ነው። ሥራው ሲሰጠኝ የስክሪን ቅያሬ ብቻ ይመስል ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

ፕሮግራሙና ማሽኑ

ፕሮግራሙ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በክሊፐር 5.2 የተጻፈ ነው። ክሊፐር የፕሮግራም መጻፊያ ነው፤ የመረጃ መዝገብ መያዣ የሆነው የዲቤዝ ዘመድ ነው። ዲቤዝን ዌይን ራትሊፍ ጻፈው፣ አሽተን ቴት የተባለው ኩባንያ ሸጠው። ናንተኬት የተባለ ሌላ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ክሊፐርን አወጣ። ክሊፐር በዲቤዝ ቋንቋ የተጻፈን ነገር ራሱን ችሎ ወደሚሠራ ፋይል ስለሚቀይር በየኮምፒውተሩ ዲቤዝ መግዛት ቀረ፤ ፕሮግራመሩ በአንድ ፍሎፒ ይዞ ሄዶ መጫን ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኮምፒውተር አሶሺየትስ ናንተኬትን ገዛ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የክሊፐርን ተፎካካሪ ፎክስፕሮን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዓለም ወደ ዊንዶውስ ሲዞር በክሊፐር የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ግን እዚያው ዶስ ላይ ቀሩ፤ ስለሚሠሩ የሚነካቸው አልነበረም።

የማኅበሩም እንዲሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በጥቁር መስኮት ይሠራል። ለኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ቢቆምም ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ ማንም አልተጨነቀም። በአንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኩ ተረፈ። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፤ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፤ ፕሮግራሙን ሲከፍቱት ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አይችልም የሚል መልእክት መጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ 64 ቢት ዊንዶውስ እንደዚህ ያለ የድሮ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስሠራም። በማስተካከያው ገጽ ላይ ምንም ቢነካካ ይህ አይለወጥም።

ለጊዜው ዶስን አስመስሎ የሚያስሠራውን ዶስቦክስን ጫንን። ሒሳቡ ተከፈተ፣ ሥራ ቀጠለ። ሆኖም ዶስቦክስ ለአሮጌ ጌሞች ተብሎ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ሲወሰድ በፓራለል ፖርት፣ በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ ማተም አይችልም፤ የሰው ገንዘብ ለዘለቄታው የሚቀመጥበትም አይደለም። ደረሰኝ በእጅ እየተጻፈ ወደ ዋናው ሥራ ገባን።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሃርቦርን መጠቀም ነበር። ሃርቦር የክሊፐርን ቋንቋ እንዳለ ተቀብሎ ለዊንዶውስ የሚያዘጋጅ ነፃ ኮምፓይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ነው። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ፣ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት በእሱ እንጀምር ነበር። ዋናው ጸሐፊ ከከተማው ከወጣ ቆይቷል፤ በፍሎፒዎቹ ላይ ከተገኙት ፋይሎች ውስጥ የብድር ስሌቱን የያዙት ሁለቱ የሉም። ስለዚህ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነ። ሃርቦርን ግን አልተውነውም፤ የድሮውን ፋይል ለማንበብና ለመቁጠር ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፤ መረጃው የተቀመጠበትን የዲቢኤፍ ፋይልም፣ ማውጫውን ኢንዴክሱንም እንደ ክሊፐር አድርጎ ያነባቸዋል።

ጥቅምት 28

ማንኛውንም መረጃ ከማዛወሬ በፊት በየቀኑ ስንት ደረሰኝ እንደተመዘገበ የምትቆጥር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ውጤቱ በዓመት ሁለት ቦታ ላይ ከፍ ይላል፦ ጥቅምት 28 እና ነሐሴ 30። በአንዳንድ ዓመታት ደግሞ ነሐሴ 30 በመደበኛው ሆኖ መስከረም 1 ላይ ይከመራል፤ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው፣ ማኅበሩ ዝግ ነው። ገንዘብ ያዧን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ጥቅምት 28 ምን ኖሮ ነው ይህ ሁሉ ሰው የሚመጣው?»

«ምንም የለ ልጄ። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን እምቢ ስለሚል ነዋ! ጳጉሜንማ ጭራሹን አያውቃትም። እኔ ወደ ነሐሴ ሠላሳ እመልሳታለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሼ ደግሞ ወደ መስከረም አንድ ይገፏት ነበር።»

ነገሩ ሁሉ የተፈታው በዚህ መልስ ነው። የዲቢኤፍ ፋይል ቀንን የሚይዝበት የራሱ የፊልድ (የመረጃ ቦታ) ዓይነት አለው፤ ዓመት፣ ወርና ቀንን በስምንት አኃዝ ያስቀምጣል። ይህ ፊልድ የሚያውቀው የፈረንጅን አቆጣጠር ብቻ ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ የእኛን ቀን እንዳለ እዚያ ውስጥ አስገባው፦ መስከረም 1 ተብሎ የሚጻፈው 01/01፣ ጥቅምት 5 ደግሞ 05/02። አብዛኛው ቀን ያለ ችግር ይገባል፤ ወሮቻችን ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ከፈረንጅ ወር አይበልጡም። የማይገባው በሁለተኛው ወር ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ 28 ቀን ያለው። አሥራ ሦስተኛ ወር ደግሞ የለም። ክሊፐር የሌለ ቀን ሲጻፍበት ከስክሪኑ አናት ላይ ልክ ያልሆነ ቀን ብሎ ጠቋሚውን እዚያው ይይዘዋል፤ እስኪታረም አያልፍም።

ስለዚህ በተራ ዓመት ሰባት ቀን የለም፦ ጥቅምት 29 እና 30፣ አምስቱ ጳጉሜ። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ስምንት ቀን ይጎድላል። የዓመቱ ቁጥር ለአራት ሲካፈል፣ ለምሳሌ በ1996፣ ጥቅምት 29 ታልፋለች፤ ያኔ የሚጎድለው ስድስት ነው። ይህ ጥቂት ቀን መስሎ እንዳይታይ፤ ጳጉሜ ለማኅበሩ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ናት። ለበግና ለዶሮ፣ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ቁጠባውን የሚያወጣውና አጭር ብድር የሚወስደው አባል የሚሰለፈው በእነዚያ ቀኖች ነው።

ሁለተኛው መዘዝ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ገንዘብ ያዧም ሙሉ በሙሉ አላዩትም ነበር። ፕሮግራሙ ብድር የሚከፈልበትን ቀን የሚያወጣው ሠላሳ ቀን በመደመር ነው፤ የሚደምረው ደግሞ በፈረንጅ ወሮች ላይ ነው። መስከረም 5 የተበደረ ሰው ሠላሳ ቀን ሲደመርለት ጥቅምት 4 ይሆናል፤ ለኮምፒውተሩ የመጀመሪያው ወር 31 ቀን ነዋ። ጥቅምት 5 በወሩ፣ በሰዓቱ የመጣው አባል የአንድ ቀን ቅጣት ይወጣበታል። ጥቅምት 5 የተበደረው ግን እስከ ኅዳር 7 ያለ ቅጣት ይቆያል። እንግዲህ በአንድ መተዳደሪያ ደንብ የሚተዳደሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ይቀጣል አንዱ ይማራል፤ ልዩነታቸው የተበደሩበት ወር ብቻ ነው።

ኦዲተሮች ለምን አላገኙትም? ከመስከረም እስከ መስከረም ሲቆጠር በሁለቱም መንገድ 365 ቀን ነው። በወር በወር ያጎደለውንና የጨመረውን ፕሮግራሙ በነሐሴና በመስከረም መካከል ያካክሰዋል፤ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 1 ያለውን 35 ቀን 31 ብሎ ይቆጥረዋል። የዓመት ድምርን የሚያይ ሰው ስሕተት አያይም። ስሕተቱ የሚታየው ቅጣቱን በከፈለው አባል ላይ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዧ የአንድ ቀኗን ቅጣት ብዙ ጊዜ በእርሳስ ሰርዘው ይቅር ይሉ ነበር፤ ለምን እንደምትመጣ ባያውቁም ትክክል እንዳልሆነች ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ፕሮግራሙ ይህን ያህል ዓመት ባልኖረ፤ በማንኛውም ሽግግር ከኮዱ በፊት መነበብ ያለበት የእንዲህ ዓይነት ሰው ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚሌኒየሙ

ዓለም ሁሉ የሁለት ሺህን ችግር የፈራው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነበር። ለዚህ ፕሮግራም ያች ቀን የመጣችው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ዓመት በሁለት አኃዝ ነበር የሚጻፈው፤ ክሊፐር ካልተነገረው በስተቀር 00ን 1900 ብሎ ይወስዳል። በነሐሴ 99 የተበደረ ሰው በመስከረም 00 ሲከፍል ለፕሮግራሙ ከመበደሩ ወደ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከፈለ። ቅጣት የሚባል ነገር ጠፋ፣ አዳዲስ ደረሰኞች ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጡ።

በዚያ ሰሞን አንድ ባለሙያ ተጠርቶ አንድ መስመር ጨመረ፦ ከ50 በታች የሆነ ዓመት ሁሉ 2000ዎቹ፣ ከዚያ በላይ ያለው 1900ዎቹ ይሁን የሚል። ለደረሰኞቹ ጥሩ መፍትሔ ነበር። የአባላት የልደት ቀን ግን በዚያው ደንብ ሥር ወደቀ። ከእርማቱ በኋላ የተመዘገቡና ከ1950 በፊት የተወለዱ አባላት ሁሉ ገና አልተወለዱም፤ የ1942ቱ ሰው ልደት 2042 ሆኖ ተቀምጧል። ከእርማቱ በፊት የተመዘገቡት እኩዮቻቸው ግን ትክክል ናቸው። ይህ ከሁሉም ቀላሉ እርማት ሆነ፤ ወደፊት ያለ ልደት ሁሉ መቶ ዓመት ይቀነስለታል፣ 1900 ዓ.ም. የሚል ደረሰኝ ሁሉ 2000 ይሆናል። በሁለቱም በኩል የሚያሻማ ሰው አልተገኘም።

የጠፉትን ቀኖች መመለስ

የጥቅምት 28፣ የነሐሴ 30 እና የመስከረም 1 ክምሮች ቀላል አልነበሩም። ከመካከላቸው የትኛው እውነተኛ ጥቅምት 28፣ የትኛው ጥቅምት 30 እንደሆነ ፋይሉ ብቻውን አይናገርም። ሁለት ነገር አዳነን። አንደኛው የደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ ሰው ቀኑን ቢለውጥም ቁጥሩ በመጡበት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ከደረሰኙ ሥር የቀረው የካርቦን ቅጂ። ገንዘብ ያዧ በታተመው ቀን ጎን እውነተኛውን በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር፤ «ጳጉሜ 3» ይላል በሰማያዊ ቀለም። የካርቦን ጥራዞቹ በጣና ዳር እርጥበት ጫፋቸው ሻግቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ይነበባሉ። ከጥራዞቹ የተገኙት ቀኖች ለተከታታይ ቁጥሩ ችካል ሆኑ፤ በሁለት ችካል መካከል ያለው ደረሰኝ የየትኛው ቀን እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። ችካል ያልተገኘላቸው ፋይሉ የሚለውን ቀን ይዘው እንዲቀሩ፣ ግን ያልተረጋገጠ የሚል ምልክት እንዲደረግባቸው ተስማማን።

የቅጣቱን ጉዳይ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቀረብነው፤ ይህ የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡ ወር በገባ በተበደሩበት ቀን ይከፈላል ነው የሚለው፤ ሠላሳ ቀን አይልም። ኮሚቴው ብድራቸው ገና ክፍት ለሆነ አባላት ያለ አግባብ የተወሰደ ቅጣት በቁጠባቸው እንዲመለስ፣ በስሕተት የተማሩት ደግሞ እንዳይጠየቁ ወሰነ። በጳጉሜ የተወሰደ ብድር ከመስከረም 1 እንደተወሰደ ይቆጠር ተባለ። ደንቡ ላይ ያልነበረ አንቀጽ በዚሁ ገባ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሒሳቡ ድምር ጋር ሲመሳከር ወጣ። በዲቢኤፍ ፋይል መዝገብ መሰረዝ ማለት ከመዝገቡ ፊት የኮከብ ምልክት ማድረግ ማለት ነው፤ ፋይሉ በትእዛዝ እስካልታመቀ ድረስ መዝገቡ እዚያው ነው። ፋይሉን ምልክቱን ሳያይ የሚያነብ መሣሪያ ከዓመታት በፊት ለቀው የወጡ አባላትን ሁሉ ከነሒሳባቸው ያስነሳል። ስለዚህ የተሰረዙት ለብቻ ተቆጥረው ለብቻ ተቀመጡ።

አዲሱ

አዲሱን በማይክሮሶፍት የፕሮግራም ቋንቋ በሲ ሻርፕ ጻፍነው፤ መረጃው ነፃ በሆነው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ፣ በኤስኪዩኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ላይ ተቀመጠ። በዘመኑ እትም ገደቡ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበር ዕድሜ ልክ ይበቃል።

ቀኑን እንዴት እንያዝ የሚለው ላይ ረጅም ክርክር ነበረን። የእኛን ቀን በጽሑፍ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ መደመርና መቀነስ ግን አይቻልም። ውስጡ ሁልጊዜ የፈረንጅ ቀን፣ ስክሪኑና ወረቀቱ ሁልጊዜ የእኛ እንዲሆን ወሰንን። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት ዶት ኔት የኢትዮጵያ ካሌንደር አብሮት አይመጣም፤ መቀየሪያውን ራሳችን ጻፍነው። ስሌቱ አጭር ነው፦ ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር መጨመር፣ ያለፉትን ሙሉ ወሮች በ30 አባዝቶ መጨመር፣ የወሩን ቀን መጨመር፣ በመጨረሻ 1724220 መደመር። የሚገኘው የጁሊያን ቀን ቁጥር፣ ማለትም ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ቀን ጀምሮ ያለው የቀኖች ቆጠራ፣ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ ስሌት 2454356 ይሆናል፤ እሱም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ይህን የሚሞክር ሰው ጳጉሜ 6 ያለችባቸውን ዓመታትና ከእነሱ የሚቀጥለውን እንቁጣጣሽ አስቀድሞ ይፈትሽ፤ መቀየሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ስም ሌላው ሥራ ነበር። በድሮው ፋይል ስም ሁሉ በላቲን ትልልቅ ፊደል ነው፤ አንዱ ሰው በቁጠባ ፋይል በአንድ አጻጻፍ፣ በብድር ፋይል በሌላ። ከዚያ ወደ ግዕዝ ፊደል በማሽን መመለስ አይቻልም፤ ተ ይሁን ጠ፣ ሰ ይሁን ሠ ላቲኑ አይነግርም። አባሉ ሲመጣ ስሙ በራሱ አጻጻፍ እንዲመዘገብ ተደረገ። ዳታቤዙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ አገር ውስጥ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ፦ የኤስኪዩኤል ሰርቨር አሮጌ የአደራደር ደንቦች ለግዕዝ ፊደላት ክብደት ስለማይሰጡ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ስሞችን እኩል ናቸው ሊሉ ይችላሉ። ዳታቤዙ ሲፈጠር ስሪት 100 የሚለውን ደንብ መምረጥ ያስፈልጋል። ለፍለጋ ደግሞ ሌላ የተሰወረ ዓምድ ጨመርን፤ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። ኃይሉ በየትኛውም ሀ ቢፈለግ ይገኛል፤ ደብተሩ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ነው።

ስክሪኑን በተመለከተ ገንዘብ ያዧ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ማውዝ እንዳይነኩ። ክሊፐር ላይ ኢንተር ወደሚቀጥለው ቦታ ይወስዳል፣ ፔጅ ዳውን ይመዘግባል፤ እጃቸው ከቁጥር ሰሌዳው ሳይነሳ፣ ዓይናቸው ከገንዘቡ ሳይነሳ ይሠሩ ነበር። ዊንዶውስ ኢንተርን ለሌላ ነገር፣ ታብን ለመሻገሪያ ይጠቀማል። ሁሉንም ወደ ድሮው ቁልፍ መለስነው። አዲስ ነገር ማውዝ ይጠይቅ የሚል ሕግ የለም፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው የሚያየው ስክሪኑን አይደለም፣ ፍጥነቱን ነው።

ኅትመቱን በአጭሩ ልለፈው። የነጥብ ፕሪንተሩ በዩኤስቢ መቀየሪያ ተገናኘ፤ አማርኛ በራሱ ፎንት ስለሌለው ጽሑፉ እንደ ሥዕል ሆኖ ይሄዳል፣ ከድሮው ይዘገያል። ቁጥሮቹን በፕሪንተሩ ፊደል፣ ስሙንና ርእሱን ብቻ በሥዕል አድርገን ፍጥነቱን አሻሻልነው። መብራት ሲሄድ ከሚያቆየው ባትሪ፣ ከዩፒኤስ፣ ጋር ያልተገናኘ ማሽን ላይ ምንም አልጫንም።

ሁለቱ ጎን ለጎን

የሽግግሩ ቀን ሐምሌ 1 ነበር፤ የበጀት ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ መነሻ ሒሳቡ የተዘጋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮው በዶስቦክስ፣ አዲሱ በዊንዶውስ ጎን ለጎን ሠሩ፤ ማታ የሁለቱ ካዝና ይመሳከራል። አንዳንዶች አንድ ወር ይበቃል ብለው ነበር። ጳጉሜንና ጥቅምት 30ን ሳናልፍ አንተውም ብዬ ተከራከርኩ፤ ኮሚቴውም ተቀበለ። እንደተጠበቀው እስከ ነሐሴ ማለቂያ የካዝናው ልዩነት ቅጣት ላይ ብቻ ነበር፣ እያንዳንዱም ምክንያቱ ይታወቃል። በጳጉሜ ሁለቱ ተለያዩ፤ የዕለቱ ካዝና ግን ከአዲሱ ጋር ገጠመ። ኅዳር ሲገባ የድሮው ተዘጋ።

የዲቢኤፍ ፋይሎቹ እንዳሉ፣ ምንም ሳይነካባቸው፣ በሁለት ዲስክ ተገልብጠው አንዱ በካዝና ሌላው ከቢሮው ውጭ ተቀምጧል። ያልተረጋገጠ የሚል ምልክት ያለባቸው ደረሰኞች አባሉ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ በመጣ ቁጥር ይጣራሉ፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቀን የበላይ ነው። በጳጉሜ የተወለዱ አባላት ልደትም በዚሁ መንገድ እየታረመ ነው፤ መታወቂያ ወይም የልደት ካርድ አቅርበው ይመዘገባሉ። ለሟች አባላት ወራሾች ይህ እንዴት እንደሚሠራ ኮሚቴው ገና አልወሰነም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ተይዟል።